«ስልኬ መጠለፉን በምን አውቃለሁ?» — ስለ ሽብር ሕግና ስለ ግል ሕይወት የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

መንግሥት ሽብርን ለመከላከል ሲል ስልካችንን፣ መልእክታችንንና ውሎ አዳራችንን እስከ የት ድረስ መከታተል ይችላል? ለዚህ እትም የደረሱን ጥያቄዎች መነሻቸው ይኸው ነው። ጠያቂዎቹ ከአገር ውስጥም ከውጭም ስለሆኑ መልሶቹ የተለያዩ አገሮችን ሕግ ይነካሉ። ክስ የተከፈተበት ወይም የታሰረ ሰው ያለው አንባቢ ይህን ዓምድ ይዞ ወደ ጠበቃ ይሂድ፤ ዓምዱ ጠበቃን አይተካም።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ዘመዳችን በሽብር ተጠርጥሮ ተይዟል። መርማሪው ከማን ጋር፣ መቼ፣ ስንት ደቂቃ እንደተነጋገረ የሚያሳይ ወረቀት ፍርድ ቤት አቀረበ። «ንግግሩን አልሰማንም፣ ቁጥሮቹን ብቻ ነው ያየነው» አሉን። ይህ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። «ቁጥሩን ብቻ ነው ያየነው» የምትለዋ አባባል ብዙ ቤተሰብ አዘናግታለች። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ንኡስ አንቀጽ 2 በፖስታ፣ በስልክ፣ በቴሌኮሙኒኬሽንና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነት እንደማይደፈር ሲደነግግ፣ ንግግሩን ለብቻ ዝርዝሩን ለብቻ ብሎ አልከፈለም። ደግሞስ ዝርዝሩ ቀላል ነገር ነው? ለየትኛው ሐኪም፣ ለየትኛው ጠበቃ፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ለማን እንደደወላችሁ ያወቀ ሰው አንዲት ቃል ባይሰማም ኑሯችሁን አውቆታል።

በ2008 የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 አንቀጽ 24 አገልግሎት ሰጪው የትራፊክ ዳታን፣ ማለትም ማን ከማን ጋር መቼና ለምን ያህል ጊዜ እንደተገናኘ የሚያሳየውን መረጃ፣ ለአንድ ዓመት እንዲያስቀምጥ ያስገድደዋል። እዚያው ላይ ግን ፍርድ ቤት ይገለጥ ብሎ ካላዘዘ በቀር በምስጢር ይያዝ ይላል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ 25 ግንኙነቱን በሚካሄድበት ቅጽበት ስለ መጥለፍ ይናገራል። መርሑ እዚህም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። ጉዳዩ አስቸኳይ ከሆነ ጠቅላይ ዓቃቤ ሕጉ (ሥልጣኑ ዛሬ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ነው) ያለ ትእዛዝ ሊፈቅድ ይችላል፤ ምክንያቱን ግን በ48 ሰዓት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ማቅረብ አለበት። ይህ አንቀጽ 25 የተጻፈው ለኮምፒውተር ወንጀል መሆኑን አትርሱ። መርማሪው በሽብር ጉዳይ ላይ ከጠቀሰው የኮምፒውተር ወንጀሉ የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

አሁን ወረቀቱን አንሡና ሦስት ቀኖች ፈልጉ፦ ትእዛዙ የተሰጠበት፣ ዝርዝሩ ታትሞ የወጣበትና ጥሪዎቹ የተደረጉበት። ጥሪዎቹ ከትእዛዙ በፊት የተደረጉ መሆናቸው ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ዝርዝሩ ተቀምጦ የቆየ ስለሆነ ኋላ በመጣ ትእዛዝ ሊወጣ ይችላል። ዝርዝሩ የታተመበት ቀን ከትእዛዙ ከቀደመ ግን አንድ ሰው ያለ ፈቃድ አውጥቶታል ማለት ነው። የተቀዳ ድምፅ ከቀረበ ሒሳቡ ይለወጣል። ድምፅ እንደ ጥሪ ዝርዝር ተጠራቅሞ አይቆይምና፣ ከትእዛዙ በፊት የተደረገ ንግግር በቅጂ ከተገኘ ጠለፋው ከትእዛዙ ቀድሞ ተጀምሮ ነበር።

ጥያቄ (የሕግ ተማሪ፣ ከደብረ ማርቆስ)፦ የፀረ ሽብር አዋጁ 652 ተሽሮ በአዋጅ 1176 ተተክቷል። አስተማሪያችን «ብዙ ተሻሽሏል» ይላሉ፤ ጓደኞቼ «ስሙ ነው የተቀየረው» ይላሉ። ማን ትክክል ነው?

መልስ፦ ሁለቱም በከፊል። መሻሻሉ ያለው በወንጀሉ ትርጉም ላይ ነው፤ በክትትሉ ሥልጣን ላይ ያን ያህል አይደለም።

የ2001ዱ አዋጅ ቁጥር 652 አንቀጽ 14 ብሔራዊ መረጃና ደኅንነት አገልግሎት በፍርድ ቤት ፈቃድ ስልክ፣ ፋክስ፣ ሬዲዮ፣ ኢንተርኔትና ፖስታ እንዲጠልፍ፣ ለዚሁ ሲል ወደ ማንኛውም ቤት በምስጢር ገብቶ መሣሪያ እንዲተክልና እንዲነቅል ይፈቅድ ነበር። አገልግሎት ሰጪውም የመተባበር ግዴታ ነበረበት። ስለዚህ «አሮጌው ሕግ ያለ ፍርድ ቤት ያስጠልፍ ነበር» የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነበር። አንቀጽ 6 ከሕዝቡ የተወሰነው ክፍል እንኳ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ሽብርን እንደ ማበረታታት ሊረዳው የሚችለውን ጽሑፍ ማሳተም ከ10 እስከ 20 ዓመት ያስቀጣ ነበር። እንዲህ ሰፊ በሆነ ሕግ ሥር ዳኛ ፊት የሚቀርብ የጠለፋ ጥያቄ ውድቅ የሚሆነው በምን ምክንያት ነው? ዳኛው የሚመዝነው «ወንጀል ተጠርጥሯል ወይ?» ብሎ ነው፤ መጻፍ ወንጀል ከሆነ ጸሐፊ ሁሉ ተጠርጣሪ ይሆናል። ተማሪዎች የክትትል አንቀጾችን ለብቻ ሲያጠኑ የሚያመልጣቸው ይህ ነው፤ የጠለፋው ስፋት የሚለካው በወንጀሉ ትርጉም ነው።

በዚህ ላይ አንቀጽ 23 ምንጩና የተገኘበት መንገድ ያልተገለጠ የደኅንነት ሪፖርትን እንዲሁም የስሚ ስሚ ማስረጃን ተቀባይ አድርጎ ነበር። ጊዜ ቀጠሮውም በመደበኛው የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን የማይበልጥ ሲሆን፣ በአዋጁ ግን ቢያንስ 28 ቀን፣ በድምሩም እስከ 4 ወር ነበር። ጋዜጠኛ እስክንድር ነጋ እ.ኤ.አ. በ2012 የ18 ዓመት እስራት የተፈረደበት በዚህ አዋጅ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014 የተያዙት የዞን ዘጠኝ ጦማርያን ላይ ከቀረቡት ነገሮች አንዱ ደግሞ የኢሜይልንና የኮምፒውተርን ደኅንነት ስለ መጠበቅ የሚያስተምር፣ ማንም ከኢንተርኔት በነፃ የሚያወርደው ሥልጠና ነበር። በር መቆለፍ በራሱ እንደ ጥፋት ሲቆጠር ምን እንደሚመስል ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አናውቅም። ገሚሶቹ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015 ክሳቸው ተቋርጦ ተፈቱ፤ ጥቅምት ላይ ፍርድ ቤቱ ሌሎቹን ከሽብር ክስ ነፃ አላቸው።

የ2012ቱ አዋጅ ቁጥር 1176 ድርጊቱ የፖለቲካ፣ የሃይማኖት ወይም የርዕዮተ ዓለም ዓላማን ለማራመድ፣ ሕዝብን ለማሸበር ወይም መንግሥትን ለማስገደድ ታስቦ የተፈጸመ እንዲሆን ይጠይቃል። አንቀጽ 4 የሥራ ማቆም አድማ፣ ሰላማዊ ሰልፍ፣ ስብሰባና መሰል በሕግ የታወቀ መብት ሲሠራበት የሕዝብ አገልግሎት ቢታወክም ሽብር አይባልም ይላል። «ማበረታታት» ወጥቶ ጠበብ ያለው «ማነሣሣት» ገብቷል። ለሰብአዊ እርዳታ ሥራና የመርዳት ሕጋዊ ግዴታ ላለበት ሰው ከለላ ተጨምሯል። እነዚህ የስም ለውጥ አይደሉም። ጠለፋና ሌሎች ልዩ የምርመራ ዘዴዎች ግን በፍርድ ቤት ፈቃድ አሁንም አሉ። ድርጅትን በአሸባሪነት የመሰየሙ ሥልጣንም የተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ሕወሓትና «ሸኔ» እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 የተሰየሙት፣ ሕወሓት በመጋቢት 2023 ከዝርዝሩ የወጣው በምክር ቤቱ ድምፅ ነው። ስያሜ ሲሰጥና ሲነሣ የተጠርጣሪው ክበብ በአንድ ቀን ይሰፋል፣ በአንድ ቀን ይጠባል። ትላንት ተራ የነበረ የስልክ ግንኙነት ዛሬ ለጠለፋ ጥያቄ መነሻ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ (ጀማሪ ጠበቃ፣ ከሐዋሳ)፦ በደንበኛዬ ላይ የተጠለፈ ንግግር በጽሑፍ ተገልብጦ ቀርቧል። «ያለ ፈቃድ የተገኘ ነው» ብዬ ብቃወም በቂ ነው?

መልስ፦ በቂ አይደለም፤ ብዙ ጠበቃ የሚሸነፈውም እዚሁ ላይ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ንኡስ አንቀጽ 5 በማስገደድ የተገኘ ቃል ተቀባይነት እንደሌለው በግልጽ ተጽፏል። ያለ ፈቃድ በተደረገ ጠለፋ የተገኘ ማስረጃ ሁሉ ይጣላል የሚል አጠቃላይ ድንጋጌ ግን የለንም። ስለዚህ ተቃውሞዎን በአንድ እግር አያቁሙት። አንቀጽ 20 ንኡስ አንቀጽ 4 የተከሰሰ ሰው የቀረበበትን ማንኛውንም ማስረጃ የመመልከትና ምስክሮችን የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጁም የኤሌክትሮኒክ ማስረጃ ያቀረበ ወገን ትክክለኛነቱን እንዲያስረዳ ሸክሙን በእሱ ላይ ጥሏል። በእነዚህ ላይ ቆመው ወደ ዝርዝሩ ይግቡ።

መጀመሪያ የትእዛዙን ግልባጭ ይጠይቁ። የትኛው ቁጥር እንዲጠለፍ ነው የተፈቀደው? ከመቼ እስከ መቼ? ደንበኛዎ ሁለት ሲም ካርድ ካለው፣ ወይም ቁጥሩ በሚስቱ ወይም በአሠሪው ስም የወጣ ከሆነ፣ በቁጥሩና በሰውየው መካከል ያለው ድልድይ ዓቃቤ ሕግ ሊያስረዳው የሚገባ ፍሬ ነገር ነው።

ቀጥለው ድምፁን ይጠይቁ፤ ግልባጩን ብቻ አይቀበሉ። ንግግሩ በትግርኛ ወይም በኦሮምኛ ተደርጎ ግልባጩ በአማርኛ ከሆነ ተርጓሚው ማን ነው፣ ቀርቦስ ይጠየቃል? «እቃው ደርሷል» የሚለው ቃል በአንድ ሰፈር በግ ነው፣ በሌላው ጥይት ነው፤ ትርጉሙን የሰጠው መርማሪው ራሱ ከሆነ ማስረጃው ሳይሆን አስተያየቱ ነው የቀረበው። ከሠላሳ ደቂቃ ንግግር አራት መስመር ብቻ ከቀረበ ሙሉው እንዲሰማ ያመልክቱ። «ድምፁ የእሱ ነው» ያለው ማን እንደሆነ፣ በምን ዘዴ እንደለየውም ይጠየቅ።

ሦስተኛው ሰዓት ነው፤ ይህን አቅልለው አይዩት። የኩባንያ ሰርቨር ሰዓት አንዳንዴ በዓለም አቀፉ ሰዓት ይመዘገባል፤ ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ምስክሩ ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይናገራል። «ከሌሊቱ 8 ሰዓት ደወለ» ያለ ምስክርና «02:00» የሚል ወረቀት ይስማማሉ። ወረቀቱ በዓለም አቀፉ ሰዓት የተሞላ ከሆነ ግን ያው 02:00 እዚህ ከማለዳው 11 ሰዓት ነው። ወረቀቱ በየትኛው ሰዓት እንደተሞላ ከኩባንያው ባለሙያ ቃል ሳይሰማ ማንም እርግጠኛ ሊሆን አይችልም።

ስለ ስልክ ኔትወርክ ማማውም አንድ ነገር፦ «ስልኩ በዚህ ማማ ሥር ነበር» ማለት «ሰውየው በዚያ ቤት ነበር» ማለት አይደለም። ከተማ ውስጥ አንድ ማማ ብዙ መቶ ሜትር ይሸፍናል፣ ገጠር ብዙ ኪሎ ሜትር። ማማው ሲጨናነቅ ስልኩ ወደ ራቅ ያለው ሊዞር ይችላል።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ኬላ ላይ «ስልክህን ክፈትና አሳይ» ስባል መብቴ ምንድን ነው? አስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ካለስ?

መልስ፦ በአዘቦት ጊዜ ስልክ መፈተሽ ብርበራ ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ንኡስ አንቀጽ 1 ይጠብቀዋል። የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 32 ያለ ትእዛዝ መበርበርን የሚፈቅድባቸው ሁኔታዎች ውስን ናቸው። አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ ግን ነገሩ ይለወጣል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 93 መሠረት በአስቸኳይ ጊዜም ቢሆን የማይነኩት አንቀጽ 1፣ 18፣ 25 እና የ39 ሁለት ንኡስ አንቀጾች ብቻ ናቸው። አንቀጽ 26 ከእነሱ ውስጥ የለም። በእኛ አቆጣጠር በሐምሌ 2015 እንደታወጀው ዓይነት አዋጅ በሥራ ላይ ሲሆን ያለ ትእዛዝ መፈተሽ ሊፈቀድ የሚችለው ለዚህ ነው። አዋጁ ግን እስከ ስድስት ወር ነው፤ የሚታደሰውም በየአራት ወሩ በምክር ቤቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ነው። ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድም ይቋቋማል። ቀኑ ካለፈበት ሥልጣኑም አብሮ ያልፋል፤ ኬላው ላይ ያለው ሰው ይህን ላያውቅ ይችላል።

ኬላ ላይ ሙግት አይግጠሙ። ሕጉ ከእርስዎ ጋር ቢሆንም ጠመንጃው ከእሱ ጋር ነው። ስልኩን ከወሰዱት የወሰደው ሰው ስም፣ ጣቢያውና ሰዓቱ የተጻፈበት ደረሰኝ ይጠይቁ። ኮከብ፣ መሰላል፣ 06፣ መሰላል (*#06#) ሲደውሉ የሚወጣውን ባለ 15 አኃዝ ቁጥር ከጉዞ በፊት ወረቀት ላይ ጽፈው ቤት ያስቀምጡ። ስልኩ በኋላ «ከሌላ ሰው ላይ ነው የተያዘው» ቢባል መከራከሪያዎ ያ ቁጥር ነው።

ጥያቄ (ከሜሪላንድ)፦ አሜሪካ ዜጋ ነኝ። እናቴ ጋር በሳምንት ሦስት ጊዜ ወደ ጎንደር እደውላለሁ። የአሜሪካ መንግሥት ይህን ሊሰማ ይችላል? የኢትዮጵያ መንግሥትስ ኮምፒውተሬን ቢሰልል የት ነው የምከሰው?

መልስ፦ ሁለተኛው ጥያቄዎ ከመጀመሪያው ይከብዳል፤ በቀላሉ እንጀምር።

የአሜሪካ የውጭ ስለላ ሕግ (ፊሳ) በ1978 (ከዚህ ወዲህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የወጣው የገዛ ዜጎችን ስለላ ለመግታት ነበር። በ2008 የተጨመረው አንቀጽ 702 ግን ከአሜሪካ ውጭ ያለን፣ የአሜሪካ ዜጋ ወይም ነዋሪ ያልሆነን ሰው ያለ ግለሰብ ትእዛዝ ዒላማ ማድረግ ያስችላል። የፊሳ ፍርድ ቤት በዓመት አንዴ አሠራሩን ያጸድቃል እንጂ እያንዳንዱን ዒላማ አያይም። በ2023 ዒላማዎቹ ከ268,000 በላይ ነበሩ። የዒላማው ምክንያት ሽብር ብቻ መሆን የለበትም፤ «የውጭ መረጃ» መሆኑ ይበቃል። እርስዎ በዚህ አንቀጽ ዒላማ ሊሆኑ አይችሉም። እናትዎ ግን በሕጉ ዓይን ውጭ አገር ያለች የውጭ ሰው ናት፤ አንድ ሰው ዒላማ ካደረጋት የእርስዎም ድምፅ አብሮ ይገባል። ክርክሩ ያለው ከገባ በኋላ ነው፦ ኤፍቢአይ በተከማቸው ውስጥ በእርስዎ ስም ያለ ዳኛ ትእዛዝ ሊፈልግ ይችላል። በ2021 በአሜሪካውያን መለያዎች እስከ 3.4 ሚሊዮን ፍለጋ ተደርጎ ነበር፤ ሥርዓቱ ከጠበቀ በኋላ በ2022 ወደ 200,000 ገደማ ወረደ። ይህ ቁጥር በራሱ የሚናገረው ነገር አለ፦ ከፍለጋው ዘጠና ከመቶ በላይ የሚሆነው ቢቀርም ሥራው አልቆመም። በሚያዝያ 2024 ሕጉ ለሁለት ዓመት ሲታደስ ለፍለጋው የዳኛ ትእዛዝ ያስፈልግ የሚለው ማሻሻያ በተወካዮች ምክር ቤት ድምፅ እኩል ለእኩል ተከፍሎ ወደቀ።

መከሰስስ? በ2013 ጋዜጠኞች፣ ጠበቆችና የመብት ድርጅቶች አንቀጽ 702ን ተቃውመው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርሱ፣ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ «መጠለፋችሁን አላረጋገጣችሁም» ተብለው ተመለሱ። ምስጢር የሆነውን ነገር አስረዱ ማለት ነው። ሌላው የሚጠቀስ መዝገብ የሳን ዲየጎ የታክሲ ሾፌር የነበረ ሶማሊያዊ ነው። መንግሥት የመላ አገሩን የጥሪ ዝርዝር በጅምላ መሰብሰቡ ያስገኘው ውጤት ይህ ሰው ነው ብሎ በአደባባይ ይጠቅሰው ነበር። የዘጠነኛው ቀጠና ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በመስከረም 2020 ጅምላ ስብሰባው ሕግ የጣሰ እንደነበር፣ ባለሥልጣናቱ ስለ ጥቅሙ የተናገሩትም ከመዝገቡ ጋር እንደማይስማማ ገለጠ። ከዚህ ዓይነት ክትትል የተገኘ ማስረጃ ሲቀርብ ተከሳሹ ሊነገረው ይገባል ብሎም ወሰነ። የሰውየው ጥፋተኝነት ግን አልተነካም።

ወደ ሁለተኛው እንሂድ። በእርስዎው ክፍለ ግዛት ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ «ኪዳኔ» በሚል የብዕር ስም በ2014 የኢትዮጵያን መንግሥት ዋሽንግተን ከስሶ ነበር። በክሱ መሠረት ፊንስፓይ የተባለ ሶፍትዌር በኢሜይል አባሪ ገብቶ ለወራት የስካይፕ ንግግሩን ቀድቷል። ይህ ሰው ማስረጃ ነበረው። ሆኖም ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በመጋቢት 2017 መዝገቡን ዘጋው፦ የውጭ መንግሥት በአሜሪካ ፍርድ ቤት የሚከሰሰው ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ውስጥ ሲፈጸም ነው፤ እዚህ ግን ሐሳቡም ትእዛዙም ከውጭ ነው የመጣው አለ። የአንድ መንግሥት ሰላይ ቤትዎ ገብቶ መሣሪያ ቢተክል ሊከሰስ ይችላል፤ ያንኑ በሽቦ ሲያደርገው አይከሰስም። ፍርዱ የተሳሳተ ነው ብለን እናምናለን፤ እስኪሻር ድረስ ግን ለክስ ብለው ገንዘብ አያውጡ። ወጪውን መከላከሉ ላይ ያድርጉት። በ2016 እና በ2017 ውጭ ባሉ ኢትዮጵያውያን ላይ የተሞከረውና በታኅሣሥ 2017 የተጋለጠው የሳይበርቢት (የስለላ ሶፍትዌር ሻጭ ኩባንያ ነው) ጥቃት የመጣው የኤርትራ ቪዲዮ ድረ ገጽ በሚመስል ሊንክ ነበር። ሊንኩን የከፈተ ሰው «አዶቢ ፍላሽን አድስ» ይባላል፤ ማደሻው ራሱ ሰላዩ ነው። ቪዲዮ ለማየት ፕሮግራም ጫን የሚል ገጽ ሲያጋጥምዎ ይዝጉት።

ጥያቄ (ከለንደን)፦ አየር ማረፊያ ላይ ያለ ጥርጣሬ ሊያስቆሙን እንደሚችሉ ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። የብሪታንያ የ2000ው የሽብር ሕግ ሠንጠረዥ 7 ይባላል። ፖሊስ ያለ ምንም ጥርጣሬ አስቁሞ እስከ 6 ሰዓት ሊጠይቅዎት ይችላል። ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየ በመደበኛነት ሊይዙዎት ይገባል፤ ያን ጊዜ ጠበቃ የማማከርና ለአንድ ሰው የማሳወቅ መብት አለዎት። ዝም ማለት ግን ወንጀል ነው፦ እስከ 3 ወር እስራት ወይም መቀጮ። የስልክ ምስጢር ቁጥር አልሰጥም ማለትም እንደዚያው። ስልኩን እስከ 7 ቀን ሊያቆዩት፣ ይዘቱንም ሊገለብጡ ይችላሉ። በአንጻሩ በቃል የሰጡት መልስ ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር በወንጀል ክስ ማስረጃ ሆኖ አይቀርብብዎትም።

አስቀድመው «በየትኛው ሕግ ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ ለኢሚግሬሽን ጥያቄ ይህ ሥልጣን አይሠራም። ጋዜጠኛ ወይም ጠበቃ ከሆኑ መሣሪያው ውስጥ የሙያ ምስጢር እንዳለ በመጀመሪያው ደቂቃ ተናግረው እንዲጻፍ ያድርጉ። በጥር 2016 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የሠንጠረዥ 7 ሥልጣን ለጋዜጠኛ ምንጭ በቂ ከለላ እንደሌለው ወስኖ ነበር፤ ደንቡም ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል።

ጥያቄ (ከአሽዶድ)፦ በኮሮና ጊዜ ሻባክ (የእስራኤል የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት) ስልካችንን ተከታትሎ «ቤት ግቡ» ይለን ነበር። ለሽብር የተሠራ ነገር ለበሽታ መዋሉ እንዴት ተፈቀደ?

መልስ፦ በመጋቢት 2020 በአስቸኳይ ጊዜ ደንብ ተፈቀደ፤ ፓርላማው (ክኔሴት) ሕግ ሳያወጣለት። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሚያዝያ 26 ቀን 2020 «እንዲህ ያለ ሥልጣን በሕግ እንጂ በመንግሥት ውሳኔ አይቀጥልም» አለ፤ ሐምሌ ላይ ሕግ ወጣለት። በመጋቢት 2021 ደግሞ ፍርድ ቤቱ ከጤና መርማሪዎች ጋር ለማይተባበሩ ሰዎች ብቻ ወሰነው። መሣሪያው ለዓመታት በምስጢር ይሠራ የነበረ ነው። ሕዝቡ ያወቀው ስህተቱ በር ሲያንኳኳ ነው፤ የስልክ ምልክት በግድግዳ የተለያዩ ጎረቤታሞችን አብረው የተቀመጡ አስመስሎ ሊያሳይ ይችላልና። ለሽብር ሲውል ያው ስህተት አለ፤ የሚከራከረው ሰው ግን መኖሩን አያውቅም።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ ስልኬ ይሞቃል፣ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፣ ስደውል ያስተጋባል። ተጠልፏል ማለት ነው?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ባትሪው አርጅቷል ማለት ነው። በትእዛዝ የሚደረግ ጠለፋ የሚካሄደው በቴሌኮም ኩባንያው መሣሪያ ላይ ነው፤ ስልክዎ ላይ ምልክት አይተውም፣ ድምፅም አያስተጋባም። ዋትስአፕንና ሲግናልን የመሰሉት መተግበሪያዎች የሚልኩትን ነገር በመንገድ ላይ ይሸፍኑታል። እንደ ፊንስፓይ ያለ ሰላይ ስልኩ ውስጥ ከተቀመጠ ግን ከመሸፈኑ በፊት ያነበዋል፤ እሱንም ያለ ባለሙያ ምርመራ አያዩትም።

እንግዲህ ስልኩ ካልነገረዎ ሊነግርዎ የሚችለው የጠለፈዎ ነው። በኢትዮጵያ አዋጅ 652 እንዲህ ያለ ግዴታ አልነበረም። ጀርመን ይህን ያደርጋል። የደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ክትትሉን ሲጨርስ የተጠለፈውን ሰው በደብዳቤ ማሳወቅ አለበት፤ ምርመራውን የሚያበላሽ ከሆነ ማዘግየት ይችላል። ክትትሉ ካበቃ 12 ወር ሞልቶ አሁንም ላሳውቅ አልችልም ካለ ግን ለብቻው አይወስንም፤ ገለልተኛው የጂ-10 ኮሚሽን መስማማት አለበት፣ የማዘግየቱን ዘመንም ኮሚሽኑ ይቆርጣል። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1978 የጀርመንን ሕግ መርምሮ ሲያጸድቅ ከመዘናቸው ነገሮች አንዱ ይህ ማሳወቅ ነበር። ከሳሾቹ የሕግ ባለሙያዎች መጠለፋቸውን ማስረዳት አይችሉም ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ግን ለዚህ ብሎ ከበር አልመለሳቸውም።